ባላጋራም የራሱ ዜማ አለው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ለዕድርና ለደቦ፣ ለመዋጮና ለልማት ሥራ ነው። ለሙዚቃም እንደሚሠራ ግን እምብዛም ልብ አንለውም። ዛሬ ይህን ተረት መነሻ አድርገን ስለ አንድ ዓይነት የሙዚቃ ሥራ እንጽፋለን፤ ስሙም «የሜታል ኦፔራ» ይባላል። ስሙን የሰማ ሁሉ አስቀድሞ ጆሮውን ሳይሸፍን አይቀርም። እኛ ግን አንባቢያችን ጆሮውን ከመሸፈኑ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይታገሠን ዘንድ እንለምናለን።

ጠዋት ጠዋት ከሰበታ በዓለም ገና በኩል፣ ከቡራዩ በአስኮ በኩል፣ ከሱሉልታም የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚጎርፈውን ሕዝብ የተመለከተ ሰው፣ ተማሪውም ወጣቱም የመንግሥት ሠራተኛ በጆሮው ማዳመጫ ሰክቶ እንደሚጓዝ ያያል። በአንድ ታክሲ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሰው ቢሳፈር፣ ዐሥራ ሁለቱም ልዩ ልዩ ሙዚቃ እየሰሙ ሊጓዙ ይችላሉ ማለት ነው። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ተቀምጠን ሳለ የጎረቤታችን ልብ በምን ዜማ እንደሚመታ አናውቅም። አሁን የምንጽፍለት የሙዚቃ ዓይነት ግን የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። ተለያይተው የሚኖሩ ድምፆችን ከየአገሩ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም በአንድ ታሪክ ውስጥ የራሱን ቦታ ሰጥቶ እርስ በርሱ ያነጋግራል።

ሜታል ማለት ምን ማለት ነው?

ሜታል የተወለደው በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በተባለ የፋብሪካ ከተማ ነው። «ብላክ ሳባት» የተባለው የሙዚቃ ጓድ የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። የጓዱ ጊታር መቺ ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ መኪና ቆረጠበት። ግራኝ ስለ ነበረም ክሩን የሚጫንበት እጅ ያው የተጎዳው ሆነ። ነገር ግን ለጣቶቹ ከፕላስቲክ ትንንሽ ቆብ ሠርቶ መጫወቱን ቀጠለ። ከጊዜ በኋላም ክሩን እያላላ ይመታ ጀመር፤ ክሩ ሲላላ ድምፁ ወፍራምና ከባድ ሆነ። ስለዚህ ይህ ሙዚቃ አንዳንዶች እንደሚሉት ሥራ ፈት የሆኑ ልጆች ለመጮህ ያህል የፈጠሩት ነገር አይደለም። የፋብሪካ ሰፈር ልጅ በቆሰለ እጁ ያበጀው ሙዚቃ ነው። እንደ ሰበታ ባለ የፋብሪካ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ታሪክ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ሜታል ብዙ ቅርንጫፍ አበጅቷል። ከነዚህም አንዱ «ፓወር ሜታል» የሚባለው ነው። ከበሮው ፈጣን፣ ዜማው ግልጽና አብሮ ለመዘመር የሚመች፣ የዘፋኙም ድምፅ ከፍ ብሎ የሚወጣ ነው። ይህን መንገድ በሰፊው ካስተዋወቁት መካከል «ሄሎዊን» የተባለው የጀርመን የሃምቡርግ ጓድ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 ያወጣቸውን ሁለት ተከታታይ አልበሞች ሚካኤል ኪስከ ሲዘፍንባቸው ዕድሜው ገና ሃያ አካባቢ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ላይ የኦርኬስትራ ክሮችና ነሐሶች ወይም የመዘምራን ድምፅ ሲጨመርበት «ሲምፎኒክ» የሚል ቅጽል ያገኛል።

በጆሮ የሚታይ ቴአትር

ኦፔራ ደግሞ ዕድሜው ከአራት መቶ ዓመት በላይ የሆነ የጣልያን ጥበብ ነው። ሞንቴቬርዲ «ኦርፌዎ» የተባለውን ኦፔራውን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1607 በማንቶቫ ከተማ ነው። በኦፔራ ተዋናዩ ሐሳቡን የሚገልጸው በዘፈን ነው። ንጉሡም እረኛውም፣ አፍቃሪውም ከሳሹም ዘፋኞች ናቸው።

ይህ ጥበብ ከሮክ ሙዚቃ ጋር ሲገናኝ አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1970 «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» የተባለው ሥራ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በሸክላ ታትሞ ተሸጠ። የኢየሱስን ክፍል የዘፈነውም «ዲፕ ፐርፕል» ከተባለው የሮክ ጓድ የተጠራው ኢያን ጊላን ነበር። በብሮድዌይ መድረክ የታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። መጋረጃና መብራት የሌለበት፣ ሸክላው ብቻ መድረክ የሆነበት ቴአትር እንዲህ ሰፊ አድማጭ አገኘ።

እንዲህ ያለውን ቴአትር የሚሰማ ሰው ማን እንደሚናገር የሚለየው በድምፅ ቀለም ብቻ ነው። ስለዚህ ደራሲው ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ድምፅ ያለው ዘፋኝ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። እንግዳ ዘፋኝ የመጋበዙ ልማድ ከዚህ የመጣ እንጂ ለጌጥ ብቻ የመጣ አይደለም። ሰውን በድምፁ ለይቶ ማወቅ የዕለት ተዕለት ኑሯቸው የሆነው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ለዚህ ዓይነቱ ቴአትር ከሁላችንም የተሻሉ ዳኞች ይሆናሉ ብለን እናምናለን።

የሆላንዱ አርየን ሉካሰን «አይሪየን» በሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው አልበም፣ ከልዩ ልዩ ዘመን የተሰበሰቡ ስምንት ሰዎችን በአንድ እንግዳ ስፍራ አገናኝቶ ለየራሳቸው ዘፋኝ ሰጥቷቸዋል። ሮማዊ ወታደርና ግብፃዊት ሴት፣ የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛና ገና ያልመጣው ዘመን ሰው በአንድ መንገድ ሲጓዙ ይከራከራሉ፤ ይፎካከራሉም። የዚህ መንገድ ስም በዓለም ይበልጥ የታወቀው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ጀርመናዊ ወጣት ነው።

የፉልዳው ወጣት

ቶቢያስ ሳሜት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1977 በጀርመን አገር በፉልዳ ከተማ ነው። «ኤድጋይ» የተባለ ጓድ አቋቁሞ ሲዘዋወር ሳለ የአንድ ትልቅ ታሪክ ሐሳብ መጣለት። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2001 «አቫንታዚያ»ን «የሜታል ኦፔራ» የሚል ንዑስ ስም ሰጥቶ አወጣው፤ ሁለተኛው ክፍልም በ2002 ተከተለ። የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ደራሲው የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ይህን ቁጥር የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንባቢዎቻችን የራሳቸውን ዕድሜ እንዲያስተያዩት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1602 በማይንዝ ከተማ ነው። ገብርኤል ላይማን የተባለ ወጣት የዶሚኒካን ገዳም ጀማሪ፣ ጠንቋዮች ናቸው የተባሉትን በሚያሳድደው ሥራ እምነቱን ጥሎ ያገለግላል። አንድ ቀን የእንጀራ እኅቱ አና ከተከሳሾቹ መካከል ሆና አገኛት። ያን ጊዜ ልቡ ተከፈለ። የተከለከለ መጽሐፍ ሊያነብ ገብቶ ተያዘና በወህኒ ቤት ተጣለ። እዚያም አንድ ሽማግሌ አግኝቶ፣ አቫንታዚያ ስለተባለው ሌላ ዓለም ሰማ። ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ተረት ዓለም ይገባል።

አሁን የድምፁን አከፋፈል እንመልከት። የሽማግሌው ድምፅ የሆነው ከላይ ያነሣነው ሚካኤል ኪስከ ነው። ከብራዚል አንድሬ ማቶስ፣ ከአሜሪካ ዴቪድ ዴፌይስና ሮብ ሮክ፣ ከሆላንድ ሻሮን ደን አደል፣ ከራሷ ከጀርመን ካይ ሃንሰንና ኦሊቨር ሃርትማን ተጋብዘው ዘፍነዋል። አና ሻሮን ደን አደል ናት፤ የገብርኤል አሳዳጊ መምህር ዴፌይስ ነው፤ ጳጳሱ ሮብ ሮክ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ሲጠራ ኦርኬስትራ ግን አልተቀጠረም። የኦርኬስትራውን ክፍል ሳሜት ራሱ በኪቦርድ አዘጋጀው። ሥራው በመድረክ ለሕዝብ የቀረበውም ከሰባት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

በኛ አስተያየት ከዚህ ሥራ የሚገኘው ዋና ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ደራሲው ለራሱ የያዘው ክፍል የጠቢቡን ወይም የጀግናውን አይደለም። ምንም የማያውቀውን፣ የተሳሳተ ሥራ በቅን ልቡና ሲሠራ የኖረውን ጀማሪ ነው የዘፈነው። ጥበቡን ከርሱ በፊት ስም ላገኘው ለኪስከ ሰጠው። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ከሳሾቹ፣ ማለትም ጳጳሱና መምህሩ፣ የተሰጣቸው ዜማ ከተከሳሾቹ ዜማ አያንስም። «የሮማ ክብር» በተባለው ዘፈን የኃይለኞቹ ወገን ድምፅ ተነሥቶ ሲዘመር፣ አድማጩ ሳያስበው አብሮ ያንጎራጉራል፤ ካንጎራጎረ በኋላም ይደነግጣል። ክፉ ሐሳብ ሰውን የሚስበው በመልካም ዜማ ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ስብከት የለም። ባላጋራውን ቀጭን ድምፅ ሰጥቶ የሚያሸንፍ ደራሲ ያሸነፈው የራሱን አሻንጉሊት ነው።

ነቀፋ የሌለበት ሥራ ነው አንልም። ብዙዎቹ የሜታል ኦፔራዎች ታሪካቸው ስስ ነው፤ ድንክና ጠንቋይ፣ ሰይፍና ግንብ ይበዛባቸዋል። እንግዳው ለታሪኩ ሳይሆን ለስሙ ብቻ የተጠራበት ጊዜም አለ። እንግዳ ዘፋኝ ያለ ሥራ ከተጠራ ለድግስ ተጠርቶ ወንበር እንዳጣ ሰው ነው፤ እሱም ያፍራል፣ ጋባዡም ያፍራል።

በአገራችንስ?

እንዲህ ያለው ነገር ለኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በሙዚቀኛነት ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ሲመረቅ የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነው። ከዚያም የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚሁ ቤት ለብዙ ዓመታት ሙዚቃውን መርተዋል። ተዋናይ፣ ዘፋኝና ኦርኬስትራ በአንድ ጣራ ሥር ደመወዝ የሚቀበሉበት ቤት ነበረን ማለት ነው። በክቡር ዘበኛም ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ በአንድ ኦርኬስትራ ፊት ተራ በተራ ይቆሙ ነበር።

«ተራ በተራ» ያልነውን ቃል አንባቢያችን ልብ ይበልልን። ድምፆቹ ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣ ነበር እንጂ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተገናኝተው አልተከራከሩም።

እ.ኤ.አ. በ2004 «አይዘር ኦርኬስትራ» የተባለው የቦስተን ጓድ አዲስ አበባ መጥቶ ባቀረበው ሙዚቃ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ባሕታ ገብረ ሕይወት፣ ፀደኒያ ገብረ ማርቆስና ሚካኤል በላይነህ በእንግድነት ተካፍለዋል። ሥራውም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ 20ኛ ሆኖ በ2005 ታትሟል። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ሳሉ በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመ ኦፔራ ላይ ሠርተዋል። ዜማን በመቋሚያ መምራት በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ልማድ መሆኑን አስረድተው፣ የኦርኬስትራ መሪ በበትር ፈንታ መቋሚያ እንዲይዝ አስበዋል። ወደ ሮክ ስንመጣ ደግሞ «ጃኖ» የተባለው ጓድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው «ኤርታሌ» አልበም ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ዘፋኞችን ከኤሌክትሪክ ጊታር ፊት አሰልፏል።

እንግዲህ ጊታሩ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ድምፁም ሞልቷል። የጎደለው ምንድር ነው ቢሉ፣ ድምፆቹን በአንድ ታሪክ ውስጥ አስገብቶ እርስ በርሳቸው የሚያከራክር ጽሑፍ ነው እንላለን። ይህም የገንዘብ ጉድለት ሳይሆን የብዕር ጉድለት ነው።

ሦስቱ ከተሞች እንደ ሦስት ገቢር

ታሪክ ከየት ይምጣ የሚል ጠያቂ አይጠፋም። እኛ ግን ድንክና ጠንቋይ ፍለጋ ወደ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ባዮች ነን። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሦስት ከተሞች እንይ።

በቡራዩ አጠገብ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የገፈርሳ ግድብ አለ። ዋና ከተማዋ ከዚያ ውሃ ስትጠጣ ኖራለች። ውሃ ሰጪውና ውሃ ጠጪው ተገናኝተው ቢዘፍኑ ምን ይባባሉ ነበር? ሰበታ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር መነሻ ናት። ወደ ባሕር የሚሄደው ሐዲድ የሚጀምረው ከገበሬ ማሳ አጠገብ ነው። በሱሉልታ ከ2,600 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው ሜዳ ገና ሳይነጋ ሯጮች ይሮጣሉ። የእግራቸው ምት ራሱ ከበሮ ነው፤ ፓወር ሜታል የሚፈልገውም ፍጥነት ይኸው ነው።

በሦስቱም ከተሞች አንድ ትልቅ ክርክር አለፈ፤ እርሱም የመሬት ክርክር ነው። ከተማ ሲሰፋ እርሻ ይጠባል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰውም ሕይወት ጠፍቶ፣ በጥር ወር 2008 ዓ.ም. መተዉ ተነገረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከተሞች ሸገር በተባለው አዲስ ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማሳውን የለቀቀ ገበሬ አለ፤ በዚያው ማሳ ላይ በቆመው ፋብሪካ የተቀጠረ ልጁ አለ፤ በኪራይ ውድነት ከመሐል ከተማ ወጥቶ እዚያ የሰፈረ አስተማሪ አለ፤ ካርታ ዘርግቶ መስመር ያሰመረ ወጣት ባለሥልጣንም አለ። አራት ሰዎች ማለት አራት ድምፆች ናቸው።

ቋንቋውስ? በነዚህ ከተሞች ገበያ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ሲገናኙ ይውላሉ። አባትየው በጌራርሳ ዜማ የኑሮውን ገድል በኦሮምኛ ቢያወርድ፣ አስተማሪውም በአማርኛ ቢመልስለት፣ ልጁ ደግሞ በሁለቱም ቢዘፍን፣ አድማጩ የሚቸገር አይመስለንም። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ሲዘፍኑ አድማጭ አላጡም። በሜታል ኦፔራ ውስጥ እንግዳ ዘፋኝ የሚጋበዘው የጋባዡን ድምፅ እንዲመስል ሳይሆን፣ ጋባዡ የሌለውን ድምፅ ይዞ እንዲመጣ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚነቅፉ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ ወገን «የፈረንጅ ጩኸት ለኛ ምን ያደርግልናል?» ይላል። ለርሱ የምንመልስለት፣ የነሐስ ጡሩምባውም አንድ ጊዜ የፈረንጅ ነበር፤ ዛሬ ግን የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ሽለላውን ሰምቶ ባዕድ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ አናገኝም። ሌላው ወገን ደግሞ «እንዲህ ያለ ክርክር በዘፈን ሲነሣ ቁስል ይቀሰቅሳል» ይላል። ይህ ፍርሃት ቀላል አይደለም፤ እኛም አናቃልለውም። ነገር ግን ቁስሉን የሚያብሰው አንዱ ወገን ብቻውን ሲዘፍን ነው። ሁሉም በየጆሮ ማዳመጫው የራሱን ወገን ዘፈን ብቻ ሲሰማ፣ የሌላው ሰው ሐዘን ጩኸት ሆኖ ይሰማዋል። አራቱም በአንድ ሥራ ውስጥ ተራቸውን አግኝተው ቢዘፍኑ ግን፣ አድማጩ የአራቱንም ዜማ ሳይወድ በግዱ ያጠናዋል።

ወጣት ባለሥልጣን ለሆነው አንባቢያችን በተለይ የምንለው አለን። በስብሰባ አዳራሽ ሕዝብ ሲወያይ ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤው የሚይዘው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የተቃወመው ሰው «አንዳንድ ተሳታፊዎች» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የኦፔራ ደራሲ ይሁን ማለታችን አይደለም። ሆኖም የሌላውን ሰው ክርክር፣ ሰውየው ራሱ «አዎን፣ እንዲህ ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ አሳምሮ መጻፍ ለቢሮም ለሙዚቃም የሚያገለግል አንድ ዓይነት ችሎታ ነው።

ተማሪ ለሆነው አንባቢያችን ደግሞ ሥራው ዛሬ ማታ ሊጀመር የሚችል መሆኑን እንነግረዋለን። የፉልዳው ወጣት ኦርኬስትራ ሳይቀጥር ጀምሯል። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ጊታር፣ አራት ድምፅ በቂ ነው። እንግዶቹም ስመ ጥር መሆን የለባቸውም፤ የጎረቤት ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት፣ በሠርግ ላይ ድምፃቸው የታወቀ አባት ይበቃሉ። ታሪኩን ጻፍ፤ ድምፆቹን ለይ፤ ከሁሉም አስቀድመህ ግን የማትስማማበትን ሰው ዜማ አበጅ። እርሱ ካማረልህ የቀረው አይከብድህም። ያን ዜማ ለራስህ አትያዘው፤ ከአንተ የተሻለ ድምፅ ላለው ሰው ስጠው።